እሳት የማይነድበት ጥላ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚያዘቀዝቀው መንገድ ሰውን ብዙ ሳይቆይ ከጋቢ ወደ ነጠላ ያወርደዋል። ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ሲነሣ ብቻ የሚታይ ገደል፣ ጭላዳ የሚግጠው ሣር፣ አጥንት የሚቆረጥም ብርድ አለ። ታች ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ንፋሱም ይሞቃል። ከአርማንያ በታች የሚኖር ሰው ዛፍን ከፍሬውና ከአበባው በፊት የሚያውቀው በጥላው ነው። ቀትር ላይ የሸዋ ሮቢትን አስፋልት የሚያቋርጥ መንገደኛ አካሄዱን ልብ ብላችሁ ብታዩ ከጥላ ወደ ጥላ ነው የሚሄደው።

የዚህ ቆላ፣ የይፋት፣ ጥላ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዋርካው ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደም ይደርቃል፣ የዕድር ገንዘብ ይቆጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሾላው ሥር ግመል ይራገፋል፣ ሹፌር ጎማ ይቀይራል። ኩርኩራው ሥር ፍየል ያመሰኳል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ መተላለፊያ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት ሲያቆም፣ ጉልበቱ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ነበር። ከዚያም በኋላ አልዩ አምባ ገበያ ቆላና ደጋ ሲገናኙበት ኖረዋል። ዛሬም ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሰው አብዛኛው መኪና ሸዋ ሮቢትን ሳይረግጥ አያልፍም። እንዲህ ባለ አገር ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ወይ ይነግዳል፣ ወይ ይታረቃል፣ ወይ ደክሞታል። ጤነኛ ሰው ያለ አንዳች ጉዳይ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ቢውል፣ አላፊ አግዳሚው «ምን ሆኖ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚያ ያለ ጉዳይ ስለሚዋል ቀን ነው። ለልጆች እንደ ቅንጦት የሚቆጠር ቀን ነውና።

«የኛ ልጆች ዱር ውስጥ አይደል እንዴ የሚያድጉት? ደግሞ ምን ሽርሽር ያስፈልጋቸዋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በችኮላ «ያስፈልጋቸዋል» ብሎ የሚያልፈው ሰው የቀወት ወረዳን ገጠር አያውቅም ማለት ነው። በቀወት ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ጥቅምት ላይ፣ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ይወጣል። ማማው በአራት ባላ ላይ የተረበረበ እንጨት ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ አገዳ ጣል ይደረግበታል፣ እሱም ከፀሐይ አያስጥልም። ግሪሳ በመንጋ ሲመጣ ዓይን ከማየቱ በፊት ጆሮ ይሰማዋል። ልጁ ወንጭፉን ያሽከረክራል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። መንጋው ከአንዱ ማሳ ሲነሣ ወደ ጎረቤት ማሳ ይወርዳል፤ የጎረቤት ልጅ ደግሞ በተራው መልሶ ይልከዋል። ወፉ ከፀሐይ ጋር ተነሥቶ ከፀሐይ ጋር የሚያድር ስለሆነ የልጁም ውሎ በወፉ ሰዓት ነው። ለአፍታ ዓይኑን ከድኖ ቢያሸልብ ከቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ላይ ተበላ ማለት ነው፤ ይህንንም ያውቃል።

ይህ ልጅ ስለ ወፍ የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ከየት በኩል እንደሚመጡ፣ የትኛው ግራር ላይ እንደሚያርፉ፣ ነፋስ ሲቀየር ወዴት እንደሚያዘነብሉ ያውቃል። ግን ሁሉንም የተማረው በጠላትነት ነው። ዛፉንም የሚያውቀው ለማገዶ፣ ለባላ፣ ለአጥር በሚሆነው ነው፤ ውሃውን በጄሪካኑ ክብደት፣ ገደሉን ፍየል በገባችበት ቀን። በዚህ ዕውቀት እኮራለሁ፤ ቤቱን የሚያቆመው እሱ ነው። ሆኖም ዱር ውስጥ የሚያድግ ልጅ ሁሉ ዱርን አግኝቶታል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ግቢ ቢያገለግል የቤቱ እንግዳ ሆኖ ማዕድ ላይ ተቀምጧል አንልም።

ስለ ሰውና ስለ ዱር የታሰበው ሐሳብ ደግሞ አብዛኛው የብቸኛ ሰው ሐሳብ ነው። ባሕታዊው ወደ በረሃ የሚወርደው ብቻውን ነው። የ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ተራኪ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም፣ ከሰው ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ነው ያሰበው። ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ የኖረበት ዘመን ከዋሻው ዘመን እጅግ ይረዝማል፤ እኛ ግን ስናነበው ልባችን የሚቀረው ዋሻው ላይ ነው። ሕፃን በሚያለቅስበት ቤት ውስጥ ምን እንዳሰበ ለመጠየቅ ብዙም አንጓጓም። በፈረንሳይኛ የጻፈው ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኤሚል» ልጅ ከከተማ ርቆ በተፈጥሮ መካከል ማደግ እንዳለበት አስተማረ፤ አውሮፓ ስለ ልጅ ያላትን አስተሳሰብ ከለወጡት መጻሕፍት አንዱ ነው። የገዛ አምስት ልጆቹን ግን እንደተወለዱ ለሕፃናት ማሳደጊያ መስጠቱን ራሱ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል። ኤሚልም በመጽሐፉ ውስጥ ወላጅ አልባ ነው፤ በሜዳና በጫካ የሚያንሸራሽረው አንድ አስተማሪ ብቻ ነው።

እነዚህን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። በዱር ፍልስፍና ውስጥ ውሃ የጠማው፣ ሽንቱ የመጣበት፣ «ገና ነው?» እያለ መንገዱን የሚያስረዝም ልጅ እንደሌለ ለማሳየት ነው። ብቻውን ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ስለ ዘላለም ሊያስብ ይችላል፤ ከልጆች ጋር የተቀመጠ ሰው የሚያስበው ስለ ገደሉ ነው፣ ስለ እሾሁ፣ ስለ ተረፈው ዳቦ። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም። ሰው በምድር ላይ ብቻውን አይደለም ብሎ የሚጽፍ ፈላስፋ አለ፤ ልጅ ግን ያንኑ ነገር እጁን ጎትቶ ያስረዳዋል።

ወፍ ዋሻ ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር በሚዘረጋው ተረተር ጉያ ውስጥ ያለ ደን ነው። አንኮበር፣ ጣርማ በርና ባሶና ወራና ወረዳዎች ይካፈሉታል። ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት አለው፤ ሽቅብ ሲወጡ ጽድና ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል። ጉሬዛና ጭላዳ ይኖሩበታል። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከባለ ሐተታው ጋር በስም ብቻ የሚገናኙት ንጉሥ፣ የወጨጫ ተራራ መራቆቱን አይተው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው የዛሬውን የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። ዛሬ ያ የመናገሻ ደን የአዲስ አበባ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፣ እንጦጦ አለ፤ የዋና ከተማ ልጅ ዛፍ ሥር የሚውልበት ቦታ በየጊዜው እየበዛለት ነው፣ ይብዛለትም። ዘሩ ተነሣበት በሚባለው ደን ግርጌ የሚያድገው የይፋት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ደኑን ከሩቅ እያየ ነው የሚያድገው። ከቆላ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጉዳይ ያለው ነው፤ ጉዳዩም ብዙ ጊዜ እንጨት ነው።

በዚህ አገር ደን የተረፈው በክልከላ ነው። የደብሩን ጽድ ግዝት ጠበቀው፤ የመቃብሩን ዛፍ ፍርሃት ጠበቀው፤ የንጉሡን ደን ዐዋጅ፣ የመንግሥትን ደን ዘበኛ። ክልከላው ባይኖር ዛሬ ልጆቻችንን የምንወስድበት ጥላ ባልተረፈ ነበር፤ ስለዚህ ውለታው አለብን። ግን ልጅ ደኑን በክልከላ ብቻ ካወቀው በደጁ ላይ የሚታየው ሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል፣ ጠባቂና ሌባ። ልጅ ከሁለቱ አንዱን መሆን ካለበት፣ ጠመንጃ የሌለው ልጅ የትኛውን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በመካከላቸው እንግዳ መኖር አለበት፤ በቀን መጥቶ፣ ተጋብዞ፣ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይወስድ የሚመለስ።

ባለፈው ጥር ባለቤቴን፣ ልጆቼንና የወንድሜን ልጅ ይዤ ወደ ወፍ ዋሻ ወጣሁ። ከሸዋ ሮቢት ለሽርሽር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዝናብ ይኖር እንደሆነ አይደለም፤ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ነው። መናኸሪያ የሚያውቁት ሰው ዘንድ ይደወላል፤ ከላይ የወረደ ሹፌር ይጠየቃል። ከእርሱ መልስ በኋላ ነው ዳቦው በጨርቅ የሚጠቀለለው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ከበቡት፤ ልጆቹ ሱፍ የበዛበትን መርጠው እስኪስማሙ ሹፌሩ በትዕግሥት ጠበቀን።

ባለቤቴ ጀበናዋን፣ ማንደጃዋንና ከሰሏን ይዛ ነበር። መግቢያው ላይ ያገኘናቸው አረጋዊ ጠባቂ ከሰላምታ በኋላ ዓይናቸው ማንደጃው ላይ ዐረፈ።

«እሳት የለም፣ ልጄ» አሏት። «ከእሳት በቀር ሁሉ ይቻላል።»

«እንዴ አባባ፣ ቡና ሳይፈላማ ምን ውሎ ይባላል?»

«ጥር ነው። ቅጠሉ ደርቋል» አሉና ማንደጃውን ተቀብለዋት ጎጇቸው ውስጥ አስቀመጡላት።

የዚህን ክልከላ ፍሬ ያየሁት ከቆየን በኋላ ነው። እኛ ቤት፣ እንደ ብዙ ቤት፣ ሽርሽር ማለት ወጥ ቤቱን ተሸክሞ ሌላ ቦታ መሄድ ነው። አባት ጋደም ይላል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ እናት ግን እቤቷ ትሠራው የነበረውን እዚያም ትሠራለች፤ ልዩነቱ ጭሱ በነፋስ መወሰዱ ብቻ ነው። ያን ቀን የሚቆላ፣ የሚወቀጥ፣ የሚራገብ ነገር አልነበረም። ለልጆቹ በፔርሙስ የያዝነውን ሻይ ቀዳን፣ ዳቦውን ቆረስን፣ አለቀ። ባለቤቴ እጇ የሚይዘው አጣ። የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፤ መሬት ላይ ያልወደቀ ፍርፋሪ ትለቅማለች። ብዙ ቆይቶ እጇ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ፣ እዚያው ቀረ። ልጆቿን፣ አፍንጫቸውን ልትጠርግ ወይም ልትቆጣቸው ሳይሆን፣ ዝም ብላ ስታያቸው አየሁ። ትንሹ ልጃችን ይህን ከእኔ በፊት አይቶት ኖሮ፣ መጥቶ ጭኗ ላይ ተጋደመ፤ ምንም አልጠየቃትም።

የወንድሜ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥቅምትን ማማ ላይ ነው የጨረሰው። ከተቀመጥንበት ዝግባ በላይ ወፎች በድንገት ገንፍለው ተነሡ። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ፣ ከዚያ ቆመ። ማንም ተው አላለውም። ዙሪያውን አየ፤ የሚጠበቅ ማሽላ የለም። ድንጋዩን በመዳፉ ላይ አገላበጠና ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር አስቀመጠው። መወርወር ይችል ነበር፣ መጣልም ይችል ነበር፤ አስቀመጠው። ከዚያ አንጋጦ ወፎቹ የገቡበትን ቅርንጫፍ ሲፈልግ ቆየ።

«እነዚህስ ምን ይበላሉ?» አለኝ።

ወፍ ምን እንደሚበላ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ልጅ ነው። የጠየቀኝ ግን ስለ ሌላ ወፍ ነው፤ የእሱን ምግብ ስለማይበላው። ሰው ከፍጥረት ጋር ያለው ዝምድና በፍላጎትና በሥጋት ብቻ ሲታሰር፣ ፍጥረቱ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ለመጠየቅ ክፍተት አያገኝም። ክፍተቱን የሚሰጠው ደግሞ ትምህርት ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ ቀለብ ለአንድ ቀን ከትከሻው ላይ መውረድ አለበት። የተፈጥሮ ፍቅር የሚባለውን ነገር ለልጆች በቃል ልናስጠናቸው የምንደክመው ድካም፣ መጀመሪያ ከትከሻቸው ምን እናውርድላቸው ብለን ካልጠየቅን፣ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ጉሬዛዎቹን ጠባቂው አሳይተዋት ነበር፤ ነጩን ጭራቸውን አይታ ጮኸች፣ ትንሽ ተከተለቻቸው፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «አባዬ፣ ዛሬ አትቸኩልም?» አለችኝ። «አልቸኩልም» አልኳት። ለማረጋገጥ ይመስል ጥቂት አየችኝና ወደ ጉሬዛዎቹ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ሩጫዋም ተለወጠ፣ ከዓይኔ እየራቀች መሄድ ጀመረች።

ስለዚህች ጥያቄ ብዙ አስቤአለሁ። እኛ ልጆችን ደን እናሳያቸዋለን ብለን እንወስዳቸዋለን፤ እነሱ ግን መጀመሪያ የሚመለከቱት እኛን ነው። ወላጅ ተቀምጧል ወይስ ሊነሣ ነው? ፊቱ እዚህ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ይህን ሳያረጋግጥ ልጅ ዛፉን አያይም። ለልጄ ጉሬዛው አዲስ ነበር፤ ከጉሬዛው ይልቅ አዲስ የሆነባት ግን የተቀመጠ አባት ነው። ደኑ በዚህ ነገር ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ቤት ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ዓይኔ የተሰበረ መዝጊያ ላይ ያርፋል። ዝግባ ግን ከእኔ የሚፈልገው ጥገና የለም። በእኔ ዕድሜ አያድግም፣ በእኔ ዕድሜ አያልቅም፤ አጠገቡ የሚቸኩል ሰው ምን እንደሚያስቸኩለው ለራሱም ማስረዳት ያቅተዋል። ጥላው ያስቀመጠው አባትና እናትን ነው፤ ልጆቹ የተገኘውን ወላጅ ለቀም አደረጉ።

«እሳት የለም» የሚለው የጠባቂው ቃል ለይፋት ሰው ሌላም ትዝታ አለው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ቤቱን ቆልፎ ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣው ሰው ብዙ ነው፣ መውጫ ያጣውም ብዙ ነው። ያኔ ዛፍ ለልጆቻችን መደበቂያ ሆነ። የወንድሜ ልጅ ኩርኩራ ሥር ስላደረበት ሌሊት አያወራም። ነገር ግን የትም ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ጀርባውን ለግንዱ፣ ፊቱን ለመንገዱ ይሰጣል፤ ልብ ብሎ ላላየው ሰው ልማድ ይመስላል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር በሆዳቸው ተኝተው ቅጠል ውስጥ የሚሄድ የጉንዳን መስመር ሲከተሉ አየኋቸው። ልጁ ጀርባው ለመንገዱ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ነገር ይፈውሳል አልልም፤ ማታ ስንመለስ በየኬላው መኪናው ሲቆም ትንፋሹን ሲይዝ አጠገቡ ነበርኩ። ሰው ግን አንድን ቦታ በፍርሃት ካወቀው በኋላ ሌላ ዓይነት ዕውቀት በላዩ ሊያስቀምጥበት ይችላል፤ ይህ በምክር አይሆንም፣ ተውሎ ነው የሚሆነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ይካሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ልጆቻችንም ችግኝ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ጭቃ ይረግጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። መትከሉን እደግፋለሁ፤ ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለው ገላጣ ኮረብታ በየክረምቱ አፈሩን ይዞ ወደ ሮቢ ወንዝ እንደሚወርድ ለሚያይ ሰው መትከል አከራካሪ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ልጁን ከዛፉ ጋር የምናገናኘው በሥራ ብቻ መሆኑ ነው። ማማ ላይ ለማሽላ ይሠራል፣ ኮረብታ ላይ ለአገር ይሠራል። የተተከለውን ቆጥረናል፤ ከተተከለው ሥር የተቀመጠውን ግን አልቆጠርንም፣ ለመቁጠርም አላሰብንም። ችግኙ የልጅ ጉዳይ የሚሆነው ደግሞ ያደገ ዛፍ ሥር አንድ ጥሩ ቀን ካሳለፈ ነው፤ ያለበለዚያ ሐምሌ ላይ የቀበራት ቀጭን እንጨት ምን ለመሆን እንደምትፈልግ እንዴት ይወቅ?

ወፍ ዋሻ ለሁሉ ቅርብ አይደለም። የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ሲቀርበት ማታ ቤቱ ይታወቃል፤ ማሾ ለቀማ ላይ ያለች እናት ቅዳሜዋን አትሰጥም፤ የኮንትራት መኪና ዋጋም የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ በየቤቱ አቅም ብቻ የሚተው አይመስለኝም። ሮቢ ወንዝ ዳር የቆዩ ሾላዎች አሉ፤ በበጋ ውሃው ሲያንስ ልጅ ሊውልባቸው የሚችል ጥላ ነው። የሽንኩርት ማሳው እየገፋ ሳይደርስባቸው ከተማው «ይህ የማንም እርሻ አይደለም፣ የልጆች ነው» ብሎ ቢከልልልን፣ ጥርብ ድንጋይና ፏፏቴ አንጠይቅም። ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ለዕርቅ ሲቀመጡ ቦታው እንደሚከበርላቸው ሁሉ፣ ልጆችም ያለ ጉዳይ የሚቀመጡበት ጥላ ቢከበርላቸው ምን ይከብዳል? ሌላው ደግሞ ቀኑ ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ ያስተከልነውን ልጅ ጥር ላይ፣ ማሽላው ከገባ በኋላ፣ ገበያ ባልሆነበት ቀን፣ ከእናት ከአባቱ ጋር ወደ ላይ የምንወስድበት አውቶቡስ ትምህርት ቤቱ ወይም ወረዳው ሊያገኝ ይችላል። ቀኑ የሚቆረጠው በትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ብቻ ሳይሆን በማሽላው፣ በጥምቀቱና በዒዱ ታይቶ መሆን አለበት። አባቱ ካልመጣ ግማሹ ቀረ ማለት ነውና።

ይህን የምለው የወንድሜን ልጅ ስላየሁ ነው። በዚያ ቀን የተቀመጠለት አጎቱ ነው። አባቱ አውድማ ላይ ነበር፤ ማሽላው ተወቅቶ አላለቀም። ማታ ልጁን ይዤ ስገባ ወንድሜ ገለባ ከራሱ ላይ እያራገፈ ወጣ፣ ልጁም ገና ከመኪናው ሳይወርድ ስለ ጉሬዛው፣ ስለ ጉንዳኑ፣ ማሽላ ስለማይበሉት ወፎች ይነግረው ጀመር። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከደብረ ሲና ወዲያ በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ትልቋን ልጁንስ ይዞ መውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ለከርሞ ውቂያውን በታኅሣሥ ለመጨረስ ስንት ሰው ደቦ መጥራት እንዳለበት ይጠይቀኝ ገባ።